አራት ዳዶ በቀይ ሱሪ ውስጥ

እሑድ፣ ሐምሌ 12 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይኼኛውን በእስክሪብቶ የጻፍኩት በእርሳስ ከሆነ ላጲስ እንደሚያምረኝ ስለማውቅ ነው። የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ግን ከየት እንደምጀምረው እንጃ። ሰው ፊት አፌ እንደሚተሳሰር አንቺ ታውቂያለሽ። ወረቀት ፊትም እንደሚተሳሰር ግን እኔም ዛሬ ገና አወቅሁ።

አስቀድሜ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ቀኑን ሙሉ የስፌት ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ መዋሉ እንዴት አድርጎሽ ይሆን? ዓይኔን ያሳክከኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ ያው ነው? ምሳሽን በሰዓቱ ትበያለሽ? አብራሽ የምታድረው ጓደኛሽ ማንኮራፋቷን ተወች ወይስ አንቺ ለመድሽው? የማደሪያችሁን ጣሪያ ደፈኑላችሁ ወይስ አሁንም ባልዲ ደቅናችሁ ነው የምታድሩት? «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እዚያ ላይ ቆመ።

እማዬ ጉልበቷ በክረምቱ ብሶባታል። ቢሆንም የቢሮውን ወለል መወልወሏን አልተወችም፤ ጠዋት ስትነሣ ግድግዳ ይዛ ነው የምትቆመው፤ ከቆመች በኋላ ግን ማን ይችላታል። አባባ ያው ጋራዥ ነው፤ ሳሉ መጥቶ ሄዷል። ቀልዱ አልሄደም። ስለ ልጅሽ፣ ስለ ድንቡሼ ገና ምንም እንዳልጻፍኩ አይተሽ ልብሽ እንደ ወረደ አውቃለሁ። በሕይወት አለ፤ ይህን ቀድሜ ልንገርሽ። አሁን አጠገቤ ተኝቷል፤ ትንፋሹን እየሰማሁ ነው የምጽፈው። ደህና ነው ግን አልልሽም።

ልጅሽን በዘጠኝ ወሩ ክንዴ ላይ አስቀምጠሽልኝ ስትሄጂ የነገርሽኝ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ «አደራ»፣ ሌላው «በየወሩ አስመዝኚውና ኪሎውን ጻፊልኝ»። በግንቦት ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ ብዬ ጻፍኩልሽ። በሰኔ ስምንት ኪሎ ከሦስት ብዬ ጻፍኩልሽ። እታለም፣ ሁለቱም ውሸት ናቸው። ሚዛኑ እንዲያ ብሎ ነበር፤ ውሸታሙ ሚዛኑ ሳይሆን እኔ ነኝ። የድንቡሼን እውነተኛ ኪሎ ዛሬ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ አታቋርጪኝ፤ ወረቀት ደግነቱ አያቋርጥም።

ጤና ጣቢያው ያው አረንጓዴ በር ያላት አንድ ክፍል ናት። በደጇ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰኞ ሰኞ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰለፉበታል። ሚዛኑ ከጣሪያው ማገር በመንጠቆ የተንጠለጠለ ነው። ልጁ እግሩን በሚያስገባበት ከረጢት ይቀመጥና ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ድንቡሼ ግን እየተወዛወዘ ይስቅ ነበር። ነርሷን አታውቂያትም፤ የመጣችው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። አጭር ናት፣ ድምፅዋ ግን ትልቅ ነው፤ አባባ «ከሌላ ሰው ተውሳው ነው» ይላል። ከመመዘኑ በፊት ሁልጊዜ ታስተምራለች። እኔ ጥያቄ መጠየቅ ስለማልችል የምትለውን ሁሉ በቃሌ እይዛለሁ። «ሆስፒታል ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የሚደርስ ውሃ ነው፤ የኛ ሥራ ክብሪቱን ከልጁ እጅ መቀበል ነው» ትላለች። «የልጅ ጤና የሚጀምረው እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለም። እናንተ ጓዳ ነው፣ የውሃ ጀሪካናችሁ ላይ ነው፣ እጃችሁ ላይ ነው። እኔ በወር አንድ ቀን አየዋለሁ፤ እናንተ በየቀኑ» ትላለች። ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት፣ ጡጦ ትቶ በኩባያና በማንኪያ ስለ መመገብ፣ ተቅማጥ ሲይዝ ምን እንደሚጠጣ የማውቀውን ሁሉ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ነው ያገኘሁት። አንድ ቀን በመኪና የመጣች ሴት ወረፋ ልታልፍ ስትል ነርሷ «እመቤቴ፣ ይህ ሚዛን ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ኪሎ ብቻ ነው» ብላ ወደ ኋላ መለሰቻት። ያን ዕለት እንዴት እንደወደድኳት!

በሚያዝያ ድንቡሼ ጥርስ ሲያወጣ ስድስት ቀን ተቅማጥ ያዘው። በቆመለት ማግስት ሰኞ ነበርና ወሰድኩት። ነርሷ ካርዱ ላይ ነጥቧን አደረገች። ካርዱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መንገድ አለ፤ ነጥቡ እስከዚያ ቀን በአረንጓዴው ላይ ይሄድ ነበር፤ ያን ዕለት ወደ ቢጫው ወረደ። እሷ በዚያ በትልቁ ድምፅዋ «ይህ ልጅ ወርዷል! ምን ሆኖ ነው? እናቱ የት አለች?» አለች። ክፋት የለባትም፣ ድምፅዋ ነው። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረውን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ፤ እኛን ስታይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሳትል የማታሳልፈውን። እሷም ልጇን ታቅፋ ተሰልፋ ነበር። «እናቱማ የሰው ልጅ ልታለብስ ሄዳለች፤ የራሷን ለልጅ ጥላ» አለች። ቀጥላም «ልጅን ለልጅ መስጠት ውሃን በወንፊት መቅዳት ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ስድስት ቀን ተቅማጥ እንደያዘው ለነርሷ መናገር ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ያኔ አፌን ብከፍት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብዬ አስባለሁ። ነርሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «በሚመጣው ወር ካልጨመረ ፓኬት እጀምርለታለሁ» አለችኝ።

ፓኬት የሚሉት እንደ ለውዝ ቅቤ ያለ፣ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ፣ ለከሱ ልጆች የሚሰጥ ምግብ ነው። መድኃኒትም ምግብም ነው ትላለች ነርሷ። ችግሩ ግን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያንን ይዘሽ በመንገድ ካለፍሽ ልጅሽ «የፓኬት ልጅ» ይባላል። ከአፋቸው የሚወጣው እሱ ሆኖ ልባቸው የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ቤታቸው ጾሙን ያድራል፣ እናቱ አትረባም ማለታቸው ነው።

በግንቦት መጀመሪያ ደብዳቤያችንን የሚያመላልስልን ሹፌር ቀይዋን ሱሪ አመጣልን። ከፋብሪካው ቁርጥራጭ በእጅሽ የሰፋሻት፣ ወገቧ በጥጥ የተደገፈ። ደብዳቤሽም አብሮ ነበር። «ጓደኞቼ ሁሉ ኪሎውን ይጠይቁኛል፤ ማሽኑ ላይ ሆኜ የሚያቆመኝ እሱ ነው» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ያንን ደጋግሜ አነበብኩት። ድንቡሼ በዚያ ሳምንትም ብዙ አልበላም። ማንኪያውን በምላሱ ይገፋዋል። በማግስቱ የአባባን ቱታ ሳጥብ ከኪሱ ሁለት ዳዶ ወደቀ። የከባድ መኪና ጎማ የሚታሰርበት ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ እጅሽ ላይ ስታኖሪው ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ሰይጣን አሳሳተኝ ብዬ አላሳብብም። ሐሳቡ የኔው ነው። የአንቺን ስፌት በመርፌ ጫፍ ፈታሁት፤ ዳዶዎቹን በጥጡ መሐል አስገባሁና መልሼ ሰፋሁት። የአንቺ ስፌት ቀጥ ያለ ነበር፤ የኔው ተጣመመ።

ሰኞ ነርሷ እንደ ልማዷ «ልብሱን አውልቂለት» አለች። እኔ በጆሮዋ «እናቱ ናት የሰፋችለት፤ ብርድ ነው» አልኳት። ለሷ ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ያ ነበር። ሱሪዋን ዳበስ አደረገችና «እጇ ይባረክ፤ በይ ሱሪዋን ተዪለት» አለች። የክንድ መለኪያ ጥብጣቡ በዚያ ወር አልቆባት ነበር፤ አዲስ እስኪመጣ ሚዛኑን ብቻ ነበር የምታምነው። መርፌው ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ ላይ ቆመ። ነጥቡ ወደ ላይ ወጣ። ድንቡሼ ተንጠልጥሎ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤት ስደርስ ሱሪዋን ሳወልቅለት ዳሌው ላይ ሁለት ክብ ቀይ ምልክት አገኘሁ። እስኪጠፋ ድረስ አሸሁለት።

በሰኔ አራት አደረግኳቸው፤ ምክንያቱም ካልጨመረ ያለፈው ወር ሊነቃብኝ ነው። አንዴ ከዋሸሽ ወዲያ ውሸቱ እንደ ልጅ በየወሩ ማደግ አለበት። ስምንት ኪሎ ከሦስት። ነርሷ ከወንበሬ አስነሣችኝ። «እዩአት ይህችን! አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጁም የእህቷ ነው፤ ያለ ፓኬት ከቢጫ አወጣችው!» አለች። አንዷ ሴት ከኋላ «አታልላሽ እንዳይሆን!» ብላ ቀለደች፤ ነርሷም «ይህች ልጅ መዋሸት ቢያምራትም ድምፅ የላትም» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ድንቡሼን አቅፌ ቆሜያለሁ፤ መዳፌ ሱሪዋ ላይ ነው፤ አራቱም ዳዶዎች ከመዳፌ ሥር ይሰሙኛል።

አባባ በዚያ ሰሞን ዳዶ ጠፋብኝ እያለ ሣጥኑን ይገለብጥ ነበር። «ብረት የሚበላ አይጥ ገብቷል» ይላል። እማዬ «አንተ ጋራዥ ያለ አይጥ ሌላ ምን ይብላ» ትላለች። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ደረስኩ። ትንሽ ቆሜ ድንቡሼን አየሁት፤ ተኝቷል።

የሽንኩርት ቸርቻሪዋ ልጅ ከድንቡሼ በሁለት ወር ትበልጣለች። ፀጉሯን በሁለት የምታስርላት፣ ሰው ሲያያት ዓይኗን በእጇ የምትሸፍነዋ። በግንቦት ነጥቧ ወደ ቀዩ ወርዶ ፓኬት ተጀመረላት። በሰኔ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ እንዳለቀ፣ ተራዋ ሲደርስ ሴትዮዋ ፓኬቶቹን ከዘንቢሏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ቆለለቻቸው። «እናቱ የሌለችው ያለ ፓኬት ከፋፋ፣ እኔ እናቷ በቁሜ ልጄ የፓኬት ልጅ አትባልም!» አለች። ነርሷ ለመነቻት። «እህቴ፣ ይሄ ውድድር አይደለም። ልጅ ከልጅ ይለያያል። መድኃኒቷ ነው» አለቻት። ቤቷ ድረስ እንደምታመጣላት፣ ማንም እንደማያይባት ነገረቻት። ሴትዮዋ ግን ልጇን አንጠልጥላ ወጣች። ያኔም ቢሆን አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ፋፍቶ አይደለም» ማለት ብቻ። እኔ ግን ወለሉን እያየሁ ተቀመጥኩ።

በሐምሌ መጀመሪያ ሕፃኗን ተቅማጥ ያዛት። ሦስት ቀን ነው የቆየችው። በሦስተኛው ቀን መኪና ለምነው ወደ ሆስፒታሉ ሲወስዷት ግማሽ መንገድ ላይ አለፈች። ለቅሶ ከእማዬ ጋር ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ የሽንኩርት ሽታ ነበር፤ ከረጢቶቹን ወደ ጥግ ገፍተው ለሰው ቦታ ሠርተዋል። ነርሷ ጋውኗን እንደ ለበሰች መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ትልቁ ድምፅዋ ከየት እንደ ሄደ እንጃ። «የገደላት ትልቅ በሽታ አይደለም» አለች ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። «ትልልቆቹማ ስም አላቸው። ትንንሽ ነገር ነው፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲጎድል የከረመ። ሰውነቷ አቅም ቢኖረው ተቅማጡን ታልፈው ነበር።» ከዚያ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ እኔን ፈልጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ያቺ እኛን ሳትነካ የማታሳልፈው ሴት እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺ እንኳ አተረፍሽው፤ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። እታለም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ማየት አልወድም።

በእኔ ምክንያት ነው የሞተችው ልበል? ተቅማጡን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ፓኬቱን እምቢ በይ ብዬ አልመከርኳትም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፤ በጠዋት አምነዋለሁ፣ ማታ ግን አላምነውም። እኔ ባላጭበረብር ኖሮ ድንቡሼም ፓኬት ይጀምር ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይበሉ ነበር፤ ማንም በማን ላይ አይኮራም ነበር።

ድንቡሼንም ከለቅሶው ሁለት ቀን በኋላ ተቅማጥ ያዘው። ያኔ እንዴት እንደ ፈራሁ ልነግርሽ አልችልም። ሕይወት አድን የሚሉትን ዱቄት ነርሷ እንዳስተማረችን ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በሊትር ለክቼ በጠበጥኩ። በማንኪያ በማንኪያ፣ ካስመለሰው ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሰጠሁት። ሐሙስ ዕለት ቆመለት። ዓርብ ደግሞ ፊቱ ሞላ። ትናንት እግሩ ሞላ። እማዬ የእግሩን መዳፍ ስማ «ተመስገን፣ ሥጋ ያዘ! ፋፋልኝ!» አለች። አባባም «ድንቡሼ ወደ ስሙ ተመለሰ» አለ። እኔስ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ውሸቴ እውነት ሆነልኝ ብዬ አሰብኩ። ፈጣሪ አዘነልኝና የጻፍኩትን ኪሎ ሰጠው ብዬ። አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ግን አይስቅም። የአባባ ቁልፎች ሲቅጨለጨሉ እንደ ድሮው እጁን አይዘረጋም። ፀጉሩ ቀላ ብሎ ስዳስሰው እጄ ላይ ይቀራል። ዛሬ ከምሳ በኋላ እግሩን ሳጥብለት ነርሷ አግዳሚው ላይ ያስተማረችው ትዝ አለኝ። ያበጠ እግር የወፈረ እግር ላይሆን ይችላል፤ አውራ ጣታችሁን እግሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሦስት ቁጠሩ፣ ስታነሡት ጉድጓዱ ካልሞላ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ የዚያን ቀን አምጡልኝ፣ ብላ ነበር። ተጫንኩ። ሦስት ቆጠርኩ። አነሣሁ። የጣቴ ቅርጽ እዚያው ቀረ። አሥር ቆጠርኩ፣ ሃያ ቆጠርኩ፣ አልሞላም። የራሴን እግር ተጫንኩ፤ ወዲያው ሞላ። እንደገና የሱን ሞከርኩ። ድንቡሼ ዝም ብሎ ያየኛል፤ አላለቀሰም እንኳ።

አዝዬው በሩጫ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እሑድ ነውና አረንጓዴው በር ተቆልፏል። ዘበኛው ነርሷ በሌላ ሰፈር ክትባት ልትሰጥ ሄዳ እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደምትገባ ነገረኝ። ሽማግሌ ነው፤ እሷ ስታስተምር በሩ ላይ ቆሞ አብሮን ይማራል። «ይጠጣል? ስትጠሪው ይነቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው አሙቂው፤ የሚበላውን ትንሽ ትንሽ ስጪው። መጠጣት እምቢ ካለ ወይም ስትቀሰቅሺው አልነቃ ካለ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ጥሪኝ፣ መኪና አስቁሜ ሆስፒታል አደርሳችኋለሁ» አለኝ። ከተመለስኩ ሦስት ጊዜ በማንኪያ ወስዷል። ስጠራው ዓይኑን ይገልጣል።

ለእማዬ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ የራሷን ጣት አስቀምጣ ስትጫን ግን አየችው። ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች፤ እስካሁን አልተነሣችም። ከዚያ መቀስ ፈልጌ ቀይዋን ሱሪ ጭኔ ላይ አድርጌ መፍታት ጀመርኩ። አባባ ሲገባ ሦስቱ ምንጣፉ ላይ ነበሩ፤ አራተኛውን እያወጣሁ ነው። አነሣቸው፣ አገላበጣቸው፤ የራሱን ዳዶ የማያውቅ መካኒክ የለም። «አይጧ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አልሳቀም። አዎ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ደረደራቸው። «ሞተር ሲታመም ይጮኻል» አለ በመጨረሻ፤ «ልጅ ግን እየቀለለ ዝም ነው የሚለው። ያንን ሚዛን የሰቀሉት ስለሱ እንዲናገርለት ነበር።» አልተቆጣኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ነገ አብሬሽ መጥቼ እኔ ልናገርልሽ ሲለኝ አይሆንም አልኩት። ልጁን ተሸከምልኝ፣ የምናገረውን ግን ራሴ ልናገር አልኩት።

እታለም፣ ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱን ለመጠየቅ መጀመሪያ ልጁ መዳን አለበት። ለጓደኞችሽ ኪሎውን ነግረሻቸው ከሆነ ውሸት ነበር በያቸው፤ ያዋሸችሽ እህትሽ ናት፣ አንቺ አይደለሽም። ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ረቡዕ ነው የሚወስደው። ከዚህ ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ፤ ነገ ያለ ሱሪ፣ ያለ ምንም የሚመዘነውን እዚያ ላይ እሞላዋለሁ። ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል። ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን የሱ ይሆናል። ልጄን ልይ ብለሽ ለመምጣት ብታስቢ አትምጪ ብዬ አልከለክልሽም።

እማዬ ከተቀመጠችበት ሆና «ልጄን በርቺ በያት» ብላለች። አባባ እጁን ታጥቦ መጥቶ እዚህ ወረቀት ላይ አኑሮታል፤ ጥግ ላይ ያለው የዘይት እድፍ የሱ ሰላምታ ነው። ለአንኮራፊዋ ጓደኛሽ፣ ወጥ ለምትጨምርላችሁ የወጥ ቤት እናት፣ ባለፈው ወር ስትታመሚ ውሃ ላመጣችልሽ ጎረቤትሽ ሰላም በይልኝ። ድንቡሼ የሚልክልሽ ነገር የለውም፤ ትንፋሹን ብቻ፣ እሱም አሁን ደህና እየወጣና እየገባ ነው።

ነገ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጤና ጣቢያው በር ላይ እሆናለሁ። መጀመሪያ ነርሷ ጋ እገባለሁ፤ ልጁ ይቀድማል። ሱሪ አላለብሰውም፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እወስደውና እዚያ ራቁቱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ አራቱን ዳዶ ጠረጴዛዋ ላይ ደርድሬ ምን እንደሆኑ እነግራታለሁ። ስወጣ ደግሞ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ በሩ ላይ ትኖራለች፤ ከለቅሶው አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ፊቷ እቆማለሁ። ድምፄ እምቢ ቢለኝ፣ ያንን የባረከችውን እጄን ዘርግቼ ዳዶዎቹን መዳፏ ላይ አኖራቸዋለሁ፤ ምንድን ነው ብላ እስክትጠይቀኝም ከዚያ አልሄድም።

ታናሽ እህትሽ
ከቤታችን፣ ከድንቡሼ ራስጌ
እሑድ፣ ሐምሌ 12 ቀን፣ ሊመሽ ሲል

የሐምሌ ኪሎ፦ ………………